የሬሆቮት የሰንበት ዳቦና የእኔ የሙያ ፈቃድ

ከጎንደር ወጥቼ ሬሆቮት ደርሼ የተመለስኩበትን ሳምንት ቁጭ ብዬ የምጽፈው፣ የሆስፒታላችን ሰው በየኮሪደሩ እያስቆመ «እስቲ አውሪን» ሲለኝ አንዱን ወሬ መደጋገም ስለሰለቸኝ ነው። ደግሞ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ነው። ባለፈው ከመዝገብ ቤት እንደሰማሁት ከሆነ፣ እስራኤል አገር የወታደር ልብስ ለብሼ ስሠለጥን ነው የከረምኩት። የወታደር ካናቴራ መልበሴ እውነት ነው፤ እንዴት እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ማስተዋል እባላለሁ፤ ሙያዬ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ሥራ የማስቀጥር ይመስለዋል፤ የትምህርት ማስረጃውን በፖስታ አድርጎ በሬ ላይ የጠበቀኝም አለ። የእኔ ሥራ ግን ሌላ ነው። ሕመም ወይም አደጋ እጁን ያደከመበት ሰው መልሶ ራሱ እንዲጎርስ፣ ራሱ እንዲለብስ፣ ደጁን ራሱ እንዲከፍት አለማምደዋለሁ። በሆስፒታላችን ይህን የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ የምሠራባትም አንዲት ጠባብ ክፍል ናት።

የሙያ ፈቃዳችን በየጊዜው ይታደሳል፤ ለማሳደስ ደግሞ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ነጥብ ማሟላት ግድ ነው። ለነርሶች ሥልጠናው ሞልቷል፤ ለእኛ ሙያ ግን አልፎ አልፎ አንድ ቢገኝ ተመስገን ነው። የእኔ ፈቃድ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ካልታደሰ ክፍሏ ትቆለፋለች፤ ማንኪያ መያዝ የጀመረው ሕፃን፣ ከአደጋ በኋላ በግራ እጇ መፍተል የምትለማመደው እናት፣ ሁሉም ሌላ ሰው እስኪመጣ ቤታቸው ይቀመጣሉ። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው ሬሆቮት የሚገኝ አንድ ማዕከል ከየአገሩ ለሚመጡ ቴራፒስቶች የሚሰጠውን የአንድ ሳምንት ሥልጠና ያገኘሁት። ትኬቱን እነሱ ቻሉ። አንድ ነገር ግን በደብዳቤያቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ጽፈዋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ታማሚ ቤቱ ድረስ ሄደን እንመዝናለን፣ አሠልጣኟ አይታ ካልፈረመች ነጥብ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአዘዞ ተነሣሁ። ሻንጣዬን ያሰናዳችው እኅቴ ናት። የጎረቤታችን ዘመድ የሆነች ፈንታዬ የምትባል ሴት ሬሆቮት ውስጥ ክርያት ሞሼ በሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ የማርፈውም እሷ ቤት ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ አደራ ሰጠኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ኑግ፣ አብሽ፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳ ያልነገረችኝ አንድ ቋጠሮ። አዲስ አበባ ላይ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄደውን አውሮፕላን ስንጠብቅ አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ «ሻንጣሽን ማን አዘጋጀው?» ስትለኝ «እኅቴ» አልኳት። «ከሌላ ሰው የተቀበልሽው ዕቃ አለ?» ስትለኝ ደግሞ ከማን ምን እንደተቀበልኩ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እኔ ጨዋነቴን መግለጤ ነበር። በእኛ አገር ባዶ እጁን የሚሄድ፣ አደራ የማይቀበል ሰው ነው የሚያጠራጥረው። ቋጠሮው ውስጥ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ «አላውቅም» ስላት ፊቷ ተለወጠ። እኔ አለፍኩ፣ ሻንጣዬ ቀረ።

እሁድ ጠዋት ቴል አቪቭ ስደርስ የተቀበለችኝ የፈንታዬ ልጅ ሺራ ናት። ወታደር ናት፤ ጠመንጃዋን እንደ ቦርሳ አንግታለች። ባቡር ጣቢያው የእሷን ቢጤ ወጣት ሞልቶታል፤ ሁሉም ጠመንጃና ትልቅ ሻንጣ ይዞ፣ ገሚሱ እንቅልፍ ላይ ነው። እኔ ጠመንጃ ካየሁ መንገድ የምቀይር ሰው አንዱ ትከሻዬ ላይ አንቀላፍቶብኝ ሬሆቮት ደረስኩ።

«ሻንጣሽስ?» አለች ሺራ።

«ቀርቷል። ለሰፈራችሁ የተላከ በርበሬ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።»

«ያንንማ ለኢማ አሁን እንዳትነግሪያት። መጀመሪያ ትብላና ነው» አለችኝ። ኢማ የምትለው እናቷን ነው።

ከባቡር ወርደን ስንሄድ አየሩ የብርቱካን አበባ ይሸት ነበር። ክርያት ሞሼ ያረጁ ፎቆች ያሉበት ሰፈር ነው፤ ሱቆቹ ጤፍና እንጀራ ይሸጣሉ፣ ከፎቆቹ ሥር አግዳሚ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ወሬያቸውን ብቻ ብሰማ ከጎንደር አልወጣሁም ነበር። ፈንታዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን ከፍታ ቆማ ጠበቀችኝ። በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር በሱዳን በኩል የመጣች ቤተ እስራኤል፣ አሁን አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ እጇ ሥራ ሲያጣ የሚያማት የምትመስል ሴት ናት። በርበሬው መቅረቱን ስትሰማ «አንች ደህና ግቢ እንጅ በርበሬውስ በእግሩ ይመጣል» አለች። ሺራ ደግሞ የምለብሰው እንዳላጣ ካናቴራዋን አወጣችልኝ፤ አረንጓዴ፣ ጀርባው ላይ የክፍሏ ዓርማ ያለበት። ሌላው ልብሷ አልበቃኝም። የመዝገብ ቤቱ ወሬ መነሻ ይህ ነው።

የፈንታዬ አባት አባ ይስማው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። ወገራ አርሰው አድረዋል፣ እዚህ መጥተው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የብርቱካን እርሻ ሠርተዋል። ባለፈው ዓመት አንጎላቸው ውስጥ ደም ረግቶ ቀኝ ጎናቸው ደክሟል። እግራቸው ተመልሷል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከጋቢው አይወጣም። ጉልበታቸውን ስስም በግራ እጃቸው ራሴን ዳሰሱኝ።

«ከጎንደር?»

«ከአዘዞ፣ አባ።»

«አዘዞማ ከተማ ነው» አሉ፣ እንደ ማዘን ብለው።

ምሳ ቀረበ። የሁዳዴ ጾም ስለነበር የማንን ሥጋ ማን ይበላል የሚባለው ነገር አላስቸገረንም፤ ሽሮና ጎመን ለሁላችንም ሆነ። ፈንታዬ ማስታጠቢያ አምጥታ አባቷን አስታጠበቻቸው፣ እጃቸውን አደረቀችላቸው፣ ከዚያ እየጠቀለለች አጎረሰቻቸው። በሙያዬ ብሄድ «ተዪያቸው፣ ራሳቸው ይሞክሩ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በልቤ እንዲህ ያለች ልጅ ለሁሉም ትሰጠው ብዬ መረቅኋት።

ሰኞ ወደ ሥልጠናው ስሄድ ጠፋሁ። ሺራ የአውቶቡሱን ቁጥር ነግራኛለች፤ ከመንገዱ በየትኛው ወገን እንደምቆም ግን አልጠየቅኳትም። በእኛ አገር ታክሲ ረዳቱ «አራዳ፣ አራዳ» እያለ ይጠራል፣ ተሳስተሽ ብትገቢ እንኳ ጮኾ ያስወርድሻል። እዚያ አውቶቡሱ ዲዳ ነው። እንዳልዘገይ ሮጬ ገባሁና የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው መዝከረት ባትያ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ጸጥ ያለች የጥንት መንደር ናት፤ ዳርዳሩ እርሻ ነው። ፌርማታው ላይ አንዲት ነጭ አሮጊት የካናቴራዬን ጽሑፍ አነበበችና በዕብራይስጥ ብዙ ነገረችኝ። እንዳልገባኝ ሲገባት የማዕከሉን ስልክ ከወረቀቴ ላይ አይታ ደወለች፣ በትክክለኛው ወገን አቆመችኝ፣ አውቶቡሱ እስኪመጣም አብራኝ ቆመች። ስሄድ መንደሪን በሁለት ኪሴ ሞላችልኝ። እንግዳ የሚያከብረው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።

አሠልጣኛችን ሚካል ትባላለች፤ ሽበቷን የማትቀባ፣ ፈጣን፣ በእንግሊዝኛ የምታስተምር ሴት። ዘግይቼ በወታደር ካናቴራ ስገባ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ቁጭ በይ፣ ጦርነቱ ገና አልተጀመረም» አለችኝ። የዚያን ቀን ትምህርቷ ሁሉ ባጭሩ ይህ ነበር፤ ታማሚው የሚችለውን ለማየት ቴራፒስቱ መጀመሪያ የራሱን እጅ ይሰብስብ። ይህን እኔም ተማሪዎች ሲመጡ የማስተምረው ስለሆነ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። ለቤት ምዘናው አማርኛ የሚናገር ታማሚ ሲፈለግልኝ አባ ይስማውን ጠቆምኩ።

«ዘመድሽ ናቸው?» አለች።

«ትናንት ነው ያየኋቸው።»

አመሻሹ ላይ አባን ስጠይቃቸው «ለአንች ከሆነ ቤሰደር» አሉ። ቤሰደር እዚያ እንደ «እሺ» ነው፤ የወገራ ሽማግሌ አፍ ውስጥ ሲገባ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ማክሰኞ ጠዋት ሚካል መጣች። ፈንታዬን በልመና ሳሎን አስቀመጥናት። ሚካል ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ወረቀቷን ይዛ ተቀመጠች። የምዘናው ነገር ቀላል ነው፤ አባ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ዳቦ ላይ አይብ ይቀባሉ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ።

«አባ፣ እንደ ሁልጊዜው እጅዎን ይታጠቡና ቁርስዎን ያሰናዱ» አልኳቸው።

«እንደ ሁልጊዜው ከሆነማ ፈንታዬ ትምጣ።»

«ዛሬ ለብቻዎ ነው።»

ቀስ ብለው ተነሡ። በግራ እጃቸው ቧንቧውን ለመክፈት ሲጎነበሱ ጋቢያቸው ተንሸራቶ ሊረጥብ ሆነ፣ ቀኝ እጃቸውም እንደ ሞላ ከረጢት ገንዳው ጠርዝ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አላሰብኩበትም። ስነቃ ቧንቧውን ከፍቻለሁ፣ እጅጌያቸውን ሰብስቤያለሁ፣ በሳሙና አስታጥቤያቸዋለሁ፣ ፎጣውንም በሁለት እጄ ዘርግቼ ጎንበስ ብዬ ቆሜያለሁ።

«ተባረኪ ልጄ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» አሉ አባ።

«አሜን» አልኩ።

ሚካል ብዕሯን ከደነች። «የመጣሁት እሳቸው ምን እንደሚችሉ ለማየት ነበር» አለችኝ ደረጃው ላይ። «ያየሁት ግን አንቺ ምን እንደምትችይ ነው።»

«ሽማግሌ ሲቸገር ቆሞ ማየት በእኛ ዘንድ ብልግና ነው።»

«ይገባኛል። ግን በዚህ ላይ መፈረም አልችልም።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እሁድ ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክራለን። ከዚያ በላይ ጊዜ የለኝም።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የተቆለፈችው ክፍሌ ታየችኝ። የሚያናድደው ደግሞ ተማሪዎቼን የምገሥጸው በዚሁ ጥፋት መሆኑ ነው።

ረቡዕ ሻንጣዬ መጣ። ያመጣው ሰው ከታች ጀምሮ እያነጠሰ ነው የወጣው። ሲፈትሹት ነው መሰለኝ በርበሬው ተፈትቶ ልብሴን ሁሉ አዳርሶታል፤ ነጭ ጋወኔ ቀይ ሆኗል። ያቺ ቋጠሮ የጤናዳም ፍሬ ኖራለች። ፈንታዬ በርበሬውን ከቀሚሴ ላይ እያራገፈች በሳህን ሰበሰበች። «ብቻ መድረሱ» አለች። እኔ ግን ሌላ ነገር ይዞኝ ስለነበር አልሳቅሁም፤ ከሥልጠና መልስ አውልቄው የነበረውን ካናቴራ መልሼ ለብሼ ከአባ ጋር ከፎቁ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያች ፈረንጅ ጣለችሽ አሉ» አሉኝ።

«ጣለችኝ፣ አባ።»

«በእኔ የተነሣ ነው።»

«በእጄ የተነሣ ነው። ዝም ብሎ አይቀመጥልኝም።» ከዚያ ማክሰኞ መጀመሪያ ልጠይቃቸው ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «ይህ ቀኝ እጅዎ ትንሽ ቢታዘዝልዎ ምን ሊያደርጉበት ይፈልጋሉ?»

«መታጠቡን ፈንታዬ ታስታጥበኛለች፣ መጉረሱንም ታጎርሰኛለች። እሱ አልጎዳኝም» አሉ። «ዳቦው ነው።»

የሰንበት ዳቦ ማለታቸው ነው። ከወገራ ጀምሮ ቅዳሜ ከጸሎት መልስ ትልቁን ድፎ ባርከው፣ በእጃቸው ቆርሰው፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ የሚያድሉት እሳቸው ነበሩ። በሱዳን በረሃ እንኳ ቂጣም ቢሆን አላስታጎሉም። እጃቸው ከደከመ ወዲህ ግን እሳቸው ይባርካሉ፣ ሺራ በቢላ ትቆራርጠዋለች፣ በትሪ ይዞራል።

«እንደ ሱቅ ዳቦ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ተዘርግቶልኝ እቀበላለሁ።»

የሙያዬ መጽሐፍ የሚለውን ነገርኳቸው። ቀኙ ይያዝ፣ ሥራውን ግራው ይሥራ። የጎንደሯ ፈታይ በዚህ መንገድ ድናለች ማለት ይቻላል። አባ ግን አጉረመረሙብኝ።

«በግራ? በግራ የተሰጠ ዳቦ ማን ይበላል? አንች ትበያለሽ?»

አልበላም፤ ምን ልበል። ጨንቆኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ከመዝከረት ባትያዋ ሴትዮ መንደሪን የተረፈችኝን አወጣሁና ሰጠኋቸው። ስሰጣቸው እጄን አየሁት። ቀኜ መንደሪኗን ይዟል፣ ግራዬ ከሥር ክርኔን ደግፏል። ማንም ያላዘዘኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለትልቅ ሰው ስሰጥ የማደርገው ነው።

«አባ፣ ይህን እንዴት አድርጌ ሰጠሁዎት?»

«እንደ ጨዋ ልጅ።»

«እርስዎም እንዲህ አድርገው ይስጡ።» የደከመ ክንድ ሲደገፍ ክብደቱ ስለሚቀል መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ ከመጽሐፍ ስፈልገው የነበረውን እናቴ በአለንጋ አስተምራኝ ኖሯል።

አባ ግን መንደሪኗን ይዘው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። «እኔ? ለልጅ ልጄ? ሽማግሌ ለልጅ ክንዱን ደግፎ ሲሰጥ የት አገር ነው ያየሽው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። መልሱ ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ መጣልኝ። «አክብሮቱ ለልጁ አይደለም፣ አባ። ለዳቦው ነው።»

መንደሪኗን ግራና ቀኝ አገላበጧት። «እሱስ» አሉ ቆይተው። «ዳቦ ይከበራል።»

ሐሙስ ከሥልጠና መልስ እስኪመሽ ተለማመድን። ከሱቅ ዳቦ ገዝቼ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ እንዳይንሸራተት። ቀኛቸው በክብደቱ ይጫናል፣ ግራቸው ወደ ራሱ ይስባል። መጀመሪያ ፍርፋሪ ብቻ ሆነ፤ የሰፈሩ ርግቦች ተጠቀሙ። ከዳቦው ይልቅ ያስቸገረችኝ ፈንታዬ ናት። አባቷ ሲታገሉ ባየች ቁጥር እጇ ይመጣል።

«ጎረቤት ምን ይለኛል?» አለችኝ። «አባቷን ማገልገል ሰለቻት አይሉኝም?»

«እቴ ፈንታዬ፣ አንች ስትሠሪላቸው እኮ እጃቸው ሥራ ፈቶ ይሞታል።»

«ልጅ ያለው አባት ምን ሲል ይታገላል?»

«ኢማ፣ ተይው» አለች ከበሩ የገባችው ሺራ። «ሳባን እኔ በቢላ ስቆርጥ ዓይኑን አይተሽው ታውቂያለሽ?» ሳባ አያቷ ናቸው።

ማታ ፈንታዬ ሊጥ ስታቦካ እንዴት እንዲሆን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ ከመጋገሩ በፊት ላዩ ላይ በቢላ ጥልቅ መስመር ቢሰመርበት እንደሚቀል ነገርኳት።

ለሚካል ምዘናው ቅዳሜ ነው ስላት ትንሽ አሰበች። ቤቱ ሰንበት የሚያከብር ነው፤ መጻፍ የለም፣ ስልክ የለም፣ ፎቶ የለም፣ መኪናም ደጃፉ ባይቆም ይሻላል። «ታዲያ በምን ልመዝን?» አለች።

«በዓይንሽ።»

ሳቀች። ቤቷ እዚያው አጠገብ ክፋር ግቢሮል የሚባል ሰፈር ስለሆነ በእግሯ እንደምትመጣ ነገረችኝ።

ዓርብ ከፈንታዬ ጋር ገበያ ወጣን። ሰው ዓለም ነገ የምታልፍ ይመስል ይሸምታል፤ ሻጩ ይጮኻል፣ ገዢው ይጮኻል፣ ማንም ግን አልተጣላም። ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ጫጫታ ቀጥ አለ። እንደ ስቅለት ከሰዓት መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ልዩነቱ እዚያ በየሳምንቱ መሆኑ ነው። ድፎው ተጋግሮ ወጣ፤ ቤቱን የሞላው ሽታ የእናቴ ቤት ነው። ጾመኛ ነኝና ለሌላው አልጎመጀሁም፣ ለዳቦው ግን ጎመጀሁ።

ቅዳሜ እነ አባ ከጸሎት ሲመለሱ ተሰበሰብን። ከላይኛው ፎቅ ዘመዶች መጥተዋል። ሚካል ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ገባችና ሁለት ባዶ እጇን ለአባ አሳየቻቸው፤ ብዕር አልያዝኩም ማለቷ ነው። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድፎው እርጥብ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ለብሷል። ሺራ ቢላውን ጠዋት ራሷ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች።

አባ በግዕዝ ባረኩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ።

እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ድፎው ላይ አሳረፉ፣ ተጫኑት፣ በግራቸው ሳቡ። አልተላቀቀም። ፈንታዬ ከወንበሯ ተነሣች። ሺራ ቀሚሷን ይዛ ወደ ታች ጎትታ አስቀመጠቻት። አባ ደግመው ተጫኑ፣ ድፎውም በመስመሩ ተሰነጠቀ። የመጀመሪያውን ቁራሽ በቀኛቸው ያዙ፣ ግራቸውን ከክርናቸው ሥር አደረጉ፣ ለፈንታዬ ዘረጉ። ፈንታዬ ብድግ ብላ፣ እሷም ክንዷን ደግፋ ተቀበለችና ዳቦውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንድ የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ «ለልጁ ክንዱን ደግፎ ይሰጣል እንዴ?» አሉ።

«ዳቦ ነው የሚከበረው» አሉ አባ፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት ያህል ኮራ ብለው።

ለሺራ፣ ለዘመዶቹ፣ ለሚካልም ሰጡ። እኔ መጨረሻ ነበርኩ፣ እጃቸውም ደክሟል። ቁራሹ ግማሽ መንገድ ደርሶ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዝቅ አለ። መነሣት ነበረብኝ። እናቴ ብታየኝ፣ ሰፈሬ ቢያየኝ፣ ሽማግሌ ዳቦ ዘርግቶላት የምትቀመጥ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? እግሬ ሊነሣ ሲል ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ሚካልን ማየት አልደፈርኩም፤ የማየው የአባን እጅ ብቻ ነበር።

አባ አዩኝ። እጄ የት እንዳለም አዩ። ትንሽ አረፉ፣ ክርናቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ፣ ቁራሹም እያመነታ መጥቶ ደረቴ ፊት ደረሰ። ያኔ ብቻ ተነሥቼ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

«እንዲህ ያለ ባለጌ እንግዳ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ አፋቸው ይስቃል። «ተባረኪ።»

ዳቦውን ጎረስኩ።

ሰንበት መውጣቱ የሚታወቀው ሦስት ኮከብ ሲታይ ነውና፣ ሲመሽ ሺራ በረንዳ ላይ ቆማ ኮከብ ፈለገች። ሚካል ተመልሳ መጥታ በቆመችበት ፈረመች፤ እኔ ምን ያህል እገዛ እንዳደረግኩ የሚጠይቀው ቦታ ላይ «ምንም» ብላ ሞላችና «ይህ ከሁሉ የከበደሽ ሥራ ነበር» አለችኝ። እሁድ ጠዋት ፈንታዬ ሻንጣዬን ራሷ ልታሰናዳልኝ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰውን እምቢ አልኩ። ለጎረቤታችን የላከችውን የብርቱካን ማርማላታ ግን ተቀበልኩ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠይቁኝም ምን እንደሆነ አውቄ መለስኩ። ካናቴራውን ሺራ «ያንችው ነው» ብላ ተወችልኝ።

ፈቃዴ ታደሰ። ክፍሏ ክፍት ናት፣ ሕፃኑም ማንኪያውን ይዞ ሾርባውን ግማሽ ወደ አፉ፣ ግማሽ ወደ እኔ ያደርሳል። አሁን ታማሚ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ሲታገል ወንበሬ ላይ እጄን ከሥሬ ከትቼ ስቀመጥ፣ ቤተሰቡ «ይች ሴትዮ ምን ነካት?» እያለ ያየኛል። እኔ ቁልፉ እስኪገባ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ዓርብ ፈንታዬ ደወለችና ስልኩን ለአባ ሰጠቻቸው። ሰላምታ አላስጨረሱኝም።

«ማስተዋል፣ እጅሽ የት ነው ያለው?»

«ከሥሬ፣ አባ።»

«ጎሽ» አሉኝ። «የእኔ ዳቦው ላይ ነው።»